ኦሊያንደር የወንዝ ልጅ ነው፦ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን፣ አበባ እምቢ ሲል፣ ተባይ ሲወረው ምን እናርግ

ኦሊያንደር የሚባለውን የአበባ ቁጥቋጦ የተከለ ሰው አንድ ቀን መጠየቁ አይቀርም፤ ወይ ቅጠሉ ቢጫ ሆነብኝ ይላል፣ ወይ ሶስት አመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ነው የማየው አበባ የለውም ይላል፣ ወይ ጫፉን ቢጫ ነገር ወረረው ይላል። የሚሰጠው መልስ ደግሞ እርስ በርሱ ይጣላል፣ አንዱ ውሀ ቀንስ ሲል ሌላው ጨምር፣ አንዱ እስከ መሬት ቁረጠው ሲል ሌላው እንዳትነካው። እኔ ይሄን ተክል በጣም ነው የምወደው፣ በፖትም በመሬትም ብዙ ጊዜ አብሬው አሳልፌያለሁ፣ ስለዚህ ምክሮቹ ለምን እንደሚጋጩ ቀስ ብዬ ላስረዳ። መጀመሪያ ግን ከየት እንደመጣ እንይ፣ ምክንያቱም ግማሹ መልስ እዛ ነው ያለው።

ብዙ ሰው ኦሊያንደርን የሚያውቀው ድርቅ የሚችል የሜዲትራኒያን ተክል በሚል ነው። ውሸት አይደለም፣ ግን ጎደሎ ነው። ከሞሮኮና ከፖርቱጋል ጀምሮ ሜዲትራኒያንን ዞሮ እስከ ደቡብ እስያ ድረስ በተፈጥሮ የሚበቅልበትን ቦታ ብታዩ፣ ተራራ ጫፍ ላይ ወይም ደረቅ ሜዳ ላይ አይደለም የምታገኙት፣ በጋ ላይ በሚደርቅ ወንዝ ውስጥ ነው፤ ድንጋይና ጠጠር የሞላበት፣ ዝናብ ሲመጣ ጎርፍ ጠራርጎት የሚያልፍ፣ ፀሀዩ ሲበረታ ከላይ ሲታይ ጠብታ የሌለው ግን ትንሽ ቢቆፈር ከስር እርጥበት ያለው ቦታ። ማለትም አናቱ እሳት ላይ ነው፣ እግሩ ግን ውሀ ያገኛል። ቅጠሉን ገልብጣችሁ ጥሩ ማጉያ መነፅር ብታስጠጉበት ከጀርባው በኩል ጥቃቅን ጉድጓዶች ይታያሉ፣ ውስጣቸው ፀጉር የሞላባቸው፣ ተክሉ አየር የሚያስገባባቸው ቀዳዳዎች እነዛ ጉድጓዶች ውስጥ ተደብቀው ነው ያሉት፣ ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ እርጥበቱን ቶሎ እንዳይወስድበት። በጣም የሚገርም አሰራር ነው። ግን ይሄ ሁሉ ዝግጅት ክፉ ቀንን ለማለፍ ነው እንጂ ለማበብ አይደለም። ድርቅ ይችላል ማለት አይሞትም ማለት ነው፣ አበባ በአበባ ሆኖ ይከርማል ማለት አይደለም፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ወደ ችግሮቹ ከመግባታችን በፊት ስለ መርዙ መናገር አለብኝ፣ ይሄን ሳልናገር ስለ መከርከም ማውራት ትክክል አይመስለኝም። ኦሊያንደር ከቅጠሉ እስከ ሥሩ፣ አበባውም ዘሩም፣ ሁሉ ነገሩ መርዝ ነው። ውስጡ ኦሊያንድሪን የሚባልና ሌሎችም የልብ ምትን የሚያዛቡ ንጥረ ነገሮች አሉት፣ ደርቆም መርዝነቱ አይጠፋም፣ ተቃጥሎ ጭሱ ሲተነፈስም ይጎዳል። ስለዚህ የቆረጣችሁትን ቅርንጫፍ አታቃጥሉት፣ ከብትና ፍየል የሚደርስበት ቦታ አትጣሉት፣ እንጨቱን ስጋ መጥበሻ ወይ ማማሰያ አታርጉት። ስትከረክሙ ጓንት አርጉ፣ ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ የሚያጣብቀው ፈሳሽ አይን ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፣ ስትጨርሱ እጃችሁንም መቀሱንም በሳሙና ታጠቡ። ልጅ ወይ ከብት ቅጠሉን በልቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ሰውን ወዲያው ሀኪም ቤት፣ እንስሳን ወዲያው የእንስሳት ሀኪም ጋ ውሰዱ፣ የተክሉንም ቅርንጫፍ በፕላስቲክ ከረጢት አርጋችሁ ያዙ፣ ምን እንደተበላ ሀኪሙ ቶሎ እንዲያውቅ። ገና መዳህ የጀመረ ልጅ ያለበት ግቢ ውስጥ ከሆናችሁ እኔ ባትተክሉት እመርጣለሁ፣ በኋላ ይደርሳል።

እሺ አሁን ውሀው። መሬት ላይ የተተከለና ሥሩን የሰደደ ኦሊያንደር፣ ማለትም ሁለት ሶስት አመት የሞላው፣ ራሱን ችሎ ይኖራል፣ በኃይለኛ ፀሀይ ወቅት በየሳምንቱ ወይ በየአስር ቀኑ አንዴ ጥልቅ አርጋችሁ ብታጠጡት ግን ልዩነቱን በአይናችሁ ታዩታላችሁ። ጥልቅ ስል በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ላዩን መርጨት ማለቴ አይደለም፣ እሱማ ሥሩን ወደ ላይ እየጠራ ያሰንፈዋል፣ አንዴ በደንብ አጠጥቶ እስኪደርቅ መተው ነው፣ ልክ ወንዙ እንደሚያደርገው። ፖት ውስጥ ያለው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ፖት ውስጥ ያለ ኦሊያንደር ወንዙን የሚፈልግበት ቦታ የለውም፣ ያለው አፈር ያው ያ ነው፣ በሙቀት ወቅት ትልቅ ተክል ያንን አፈር በአንድ ቀን ሙልጭ አርጎ ይጠጣዋል፣ ስለዚህ በየቀኑ፣ አንዳንዴ ጠዋትም ማታም ውሀ ይፈልጋል። ሌላ ተክል ላይ ቢሆን ሥሩ ይበሰብሳል ተብሎ የሚከለከለውን ነገር፣ ከፖቱ ስር ባለው ሳህን ላይ ውሀ መተውን፣ ኦሊያንደር በሙቀት ወቅት በደስታ ይቀበለዋል። ይሄን የሚከለክሉ ሰዎች ላቬንደርና ሮዝመሪ አሳድገው ከዛ ተነስተው ነው የሚመክሩት፣ እነዛ የኮረብታ ልጆች ናቸው፣ ይሄ ደግሞ የወንዝ። በብርድ ወቅት ግን ሳህኑ ባዶ ይሁን፣ ያኔ ተክሉ አይጠጣም፣ በቀዝቃዛ ውሀ የተዘፈቀ ሥር ይበሰብሳል።

ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን መጀመሪያ የቱ ቅጠል ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ማዳበሪያ ለመግዛት አትሩጡ። የኦሊያንደር ቅጠል ሁሌ አረንጓዴ ስለሚመስል ሰው እድሜ ልኩን የሚቆይ ይመስለዋል እንጂ አንድ ቅጠል ሁለት ወይ ሶስት አመት ኖሮ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ከታች በኩል፣ አሮጌው እንጨት ላይ ያሉት ቢጫ ሆነው ቢረግፉና ጫፉ ላይ አዲስ አረንጓዴ ቅጠል እየወጣ ከሆነ ምንም ችግር የለም፣ በተለይ ሙቀቱ ሲጀምር በአንዴ ብዙ ቅጠል ሲጥል ታዩታላችሁ፣ ተዉት። የታችኞቹ ቢጫ ሆነው ላይኞቹም የገረጡና ያነሱ ከሆነ ርሀብ ነው፣ ናይትሮጅን አንሶታል፣ ፖት ውስጥ ሲሆን ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ጫፍ ላይ ያሉት አዲስ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ሆኖ እንደ መረብ ከታየ ደግሞ ብረት አላገኘም ማለት ነው፤ ብረቱ አፈሩ ውስጥ ላይጠፋ ይችላል፣ አፈሩ ኖራ ስለበዛበት ወይም ውሀ ስለተዘፈቀበት ሥሩ መሳብ አቅቶት ነው፣ እዚህ ላይ በቼሌት መልክ፣ ማለትም ሥሩ በቀላሉ እንዲስበው ተደርጎ፣ የተዘጋጀ የብረት ማዳበሪያ ይሰራል፣ ውሀው እንዲወርድ ማድረግም እንደዛው። ሁሉም ቅጠል አንድ ላይ ገርጥቶና ላልቶ ከወረደ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቱት፤ ደረቅ ከሆነ ውሀ፣ ጭቃ ሆኖ የሚሸት ከሆነ ደግሞ የፖቱ ቀዳዳ ተደፍኖ ሊሆን ስለሚችል ገልብጣችሁ እዩት።

ስትገለብጡት አንድ ነገር ታያላችሁ፣ ብዙ ጊዜ መልሱ እሱ ነው። ኦሊያንደር ሥሩ ጉልበተኛ ስለሆነ ፖቱን በአንድ ሁለት አመት ይሞላውና ሥሩ እየዞረ ግድግዳውን ተከትሎ እንደ ገመድ ይጠመጠማል፣ አፈሩ ያልቃል፣ ያኔ የምታፈሱት ውሀ መሀሉን ሳያርስ በጎን በኩል ሸርተት ብሎ በቀዳዳው ይወጣል፣ እናንተ ጠጣ ብላችሁ ታስባላችሁ እሱ ግን ጠምቶታል። አንድ ቀን ሁለት ባልዲ አጠጥቼው በበነጋታው ጠውልጎ ሳገኘው አልገባኝም ነበር፣ አውጥቼ የሥሩን ኳስ በመጋዝ ለሁለት ስሰነጥቀው መሀሉ እንደ ዱቄት ደረቅ ነበር። መፍትሄው ወይ ትንሽ ከፍ ወዳለ ፖት ማዛወር ነው፣ ወይም ፖቱን ማሳደግ ካልፈለጋችሁ ተክሉን አውጥታችሁ በመጋዝ ወይ በስለታም ቢላ የሥሩን ኳስ ጎንና ታች ሁለት ሶስት ሴንቲሜትር ያህል ቆርጣችሁ፣ በአዲስ አፈር ሞልታችሁ እዛው መመለስ ነው። ያስፈራል አውቃለሁ፣ ግን ጎርፍ ሥሩን እየገነጠለው የኖረ ዘር ነው፣ ሙቀቱ ሊጀምር ሲል ከተሰራ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያገግማል። አፈሩ ከበድ ያለ ይሁን፣ ጥሩ የጓሮ አፈር ከኮምፖስትና ትንሽ ጠጠር ጋር፤ ቀላል ስፖንጅ የመሰለው የተዘጋጀ አፈር ብቻውን ቶሎ ይደርቃል፣ ነፋስ ሲመጣም ፖቱን ይዞት ይወድቃል።

ማዳበሪያ ላይ ኦሊያንደር ሆዳም ነው፣ ጎርፉ ያመጣለትን ደለል መብላት ነው የለመደው። ፖት ውስጥ ከሆነ በእድገት ወቅት በየሳምንቱ ፈሳሽ ማዳበሪያ ስጡት፣ መሬት ላይ ከሆነ ሙቀቱ ሲጀምር ኮምፖስት ዙሪያውን ማልበስ ይበቃዋል። ግን ናይትሮጅን ብቻ አታብዙበት፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያምርና አበባው ይጠፋል፣ ለስላሳው አዲስ ቀንበጥ ደግሞ ለተባይ ግብዣ ነው። ብርድ ካለበት ቦታ ከሆናችሁ ብርዱ ከመግባቱ ሁለት ወር ገደማ ቀድማችሁ አቁሙ፣ እንጨቱ ጠንክሮ ይግባ።

አበባ የለም ለሚሉት፣ መጀመሪያ ፀሀይ። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰአት ቀጥታ ፀሀይ ካላገኘ ቅጠል እንጂ አበባ አይጠበቅም፣ ዛፍ ስር ያለ፣ ህንፃ የጋረደው፣ በረንዳ ጥግ የተወሸቀ ኦሊያንደር እየረዘመና እየሳሳ ይሄዳል እንጂ አያብብም። ሌላ ነገር ከመሞከራችሁ በፊት ቦታውን ቀይሩ። ሁለተኛው ምክንያት፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄ ነው፣ መቀስ ነው። ኦሊያንደር የሚያብበው በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነው፣ እና አበባው ሲያልቅ ያ ደረቅ የሚመስለው የአበባ ዘለላ ውስጥ ለሚቀጥለው ወቅት የተቀመጡ ትንንሽ እምቡጦች ብዙ ጊዜ ይቀራሉ። በቅርበት እዩት፣ የረገፉት አበቦች ከነበሩበት መሀል አረንጓዴ ወይ ቀላ ያሉ የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ ነገሮች አሉ፣ እነሱ ናቸው ሙቀቱ ገና ሲጀምር ቀድመው የሚፈነዱት። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ንፁህ ላድርገው ብዬ አበባው እንዳለቀ ዘለላውን በሙሉ ከነጫፉ እቆርጥ ነበር፣ ከዛ ደግሞ የጎረቤቴ ሲያብብ የኔ ለምን ሁለት ወር ይዘገያል እያልኩ ስጨነቅ። አሁን የደረቁትን አበቦች አንድ በአንድ በጣቴ እለቅማለሁ፣ ረጅሙን የዘር ቋት ካየሁ እሱን እቆርጣለሁ፣ ዘለላውን አልነካም።

እምቡጥ ይዞ ሳይፈነዳ ደርቆ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ ወይ እምቡጥ በያዘበት ሰሞን አንዴ ውሀ ጠምቶታል፣ ወይ ሌሊቱ ቀዝቅዞበታል፣ ወይ ዝናብ በዝቶበታል። ድርብርብ አበባ ያላቸው ዝርያዎች እዚህ ላይ በጣም ይሰቃያሉ፣ አበባው ውሀ ይይዝና ሳይከፈት ቡናማ ሆኖ ይበሰብሳል፣ ሙቀትም ከነጠላዎቹ የበለጠ ይፈልጋሉ። ዝናብ ወይ ቅዝቃዜ የሚበዛበት ቦታ ያለ ሰው ነጠላ አምስት ቅጠል አበባ ያለውን ቢመርጥ ይሻለዋል፣ እኔ በግሌም ነጠላው ነው የሚያምረኝ።

መከርከም ጨርሶ አታድርጉ እያልኩ ግን አይደለም፣ ካልተከረከመ እግሩ ራቁቱን ቀርቶ ከላይ ብቻ ቅጠል ያለው መጥረጊያ ይሆናል። ቅጠሎቹ ብዙ ጊዜ ሶስት ሶስት ሆነው ነው ዙሪያውን የሚወጡት፣ ከሶስቱ ቅጠል ትንሽ ከፍ ብላችሁ ብትቆርጡ ከእያንዳንዱ ቅጠል ብብት አንድ አንድ ቀንበጥ ይወጣና አንዱ ቅርንጫፍ ሶስት ይሆናል፣ ቁጥቋጦው የሚደምቀው እንደዛ ነው። ያረጀውን ለማደስ በየአመቱ በጣም ካረጁት እንጨቶች አንድ ሶስተኛውን እስከ መሬት ቆርጦ ማውጣት ነው፣ በሶስት አመት ሙሉ በሙሉ ይታደሳል፣ አበባውንም አንድም አመት አያስቀርባችሁም። ተስፋ የቆረጣችሁበት ከሆነ በሙሉ ከመሬት ሀያ ሰላሳ ሴንቲሜትር ድረስ መቁረጥም ይቻላል፣ የዛን አመት አበባ ታጣላችሁ ግን ከሥሩ እንደገና ይፈነዳል። ይሄ ከሥር የመነሳት ጉልበቱ በታሪክም የሚታወቅ ነው፣ ሂሮሺማ በ1945 እ.ኤ.አ. በአቶሚክ ቦምብ ከነደደች በኋላ ቀድመው ካበቡት ተክሎች አንዱ ኦሊያንደር ስለነበረ ከተማዋ ይፋዊ አበባዋ አርጋዋለች። ስለዚህ የናንተን ብርድ ወይ እሳት ቢመታው ቶሎ ነቅላችሁ አትጣሉት፤ ሙቀቱ እስኪመጣ ጠብቁ፣ የቅርንጫፉን ልጥ በጥፍራችሁ ትንሽ ፋቅ አርጉት፣ ከስሩ አረንጓዴ ከሆነ ህይወት አለው፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ አረንጓዴ እስክታገኙ ወደ ታች እየወረዳችሁ ቁረጡ።

ወደ ተባይ እንምጣ። ጫፉ ላይ እንደ ሎሚ ደማቅ ቢጫ ሆነው፣ እግራቸው ጥቁር የሆነ፣ ተጨናንቀው የተሰበሰቡት የኦሊያንደር ክሽክሽ የሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። ሁሉም ሴት ናቸው፣ ያለ ወንድ ነው የሚራቡት፣ እንቁላል ሳይጥሉ በቀጥታ ልጅ ይወልዳሉ፣ ለዚህ ነው ዛሬ አስር ያያችሁት በሳምንቱ ቀንበጡን ሸፍኖ የሚገኘው። ቢጫው ቀለማቸው ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው፣ የተክሉን መርዝ ጠጥተው ሰውነታቸው ውስጥ ያጠራቅሙታል። ደስ የሚለው ነገር ተክሉን አይገድሉትም፣ ያስቀይሙታል እንጂ፣ ቀንበጡ ይጣመማል፣ ከነሱ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ቅጠሉን ያጣብቀዋል፣ እዛ ላይ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል፣ ጉንዳንም ለዛ ጣፋጭ ሲል ይሰለፋል። ጠንከር ያለ ውሀ በጎማ እየረጫችሁ አራግፏቸው፣ በሁለት ሶስት ቀን ልዩነት ደጋግሙት፣ አብዛኛው ጊዜ ይሄ ይበቃል። ካልበቃ በአንድ ሊትር ውሀ ከአስር እስከ ሀያ ሚሊ ሊትር ሽታና ቀለም የሌለው ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ወደ ማታ ላይ ርጩ፣ መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክሩት፣ ፀሀይ ላይ ከረጫችሁ ቅጠሉ ይቃጠላል።

ኃይለኛ የፀረ ተባይ ኬሚካል ከመርጨታችሁ በፊት ግን ክሽክሾቹን ቀርባችሁ እዩ እባካችሁ። ከቢጫዎቹ መሀል ያበጡ፣ ቡናማ፣ እንደ ወረቀት የደረቁ የማይንቀሳቀሱ ካያችሁ፣ አንዳንዶቹ ጀርባቸው ላይ ክብ ቀዳዳ ያላቸው፣ እነዛ የሞቱ ክሽክሾች ናቸው፤ ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ ጥገኛ ተርብ ውስጣቸው እንቁላል ጥላ፣ ልጇ ከውስጥ በልታ ጨርሳ በቀዳዳው ወጥታለች። ይሄን ካያችሁ ስራው ተጀምሯል ማለት ነው፣ ኬሚካል ብትረጩ ቀድማ የምትሞተው ተርቧ ናት፣ ክሽክሹ ግን በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል፣ ጠላቱ በሌለበት። ቀይ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላቸው ትንንሽ ጥንዚዛዎችም እንደዛው ስራ ላይ ናቸው፣ አትንኳቸው።

ቅጠሉ ጀርባና ግንዱ ላይ ጠፍጣፋ ክብ ነጭ ወይ ቢጫ ቅርፊት ከተለጠፈ እሱም ነፍሳት ነው፣ በጥፍር ሲፈቀፈቅ ይነሳል፣ ሳሙና ባለው ውሀና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማጠብ፣ ጥቂት ከሆኑ ጥጥ በአልኮል ነክሮ መጥረግ ነው፣ በጣም ከተወረረ ለተክል የተዘጋጀ ዘይት ይረጫል። በብርድ ወቅት ሞቃት ክፍል ውስጥ የገባ ኦሊያንደር ቅጠሉ አመድ የነሰነሱበት መስሎ ከደበዘዘ ነጭ ወረቀት ስሩ ይዛችሁ ቅርንጫፉን መታ መታ አርጉት፣ የወደቁት ነጥቦች መሄድ ከጀመሩ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ተባይ ነው፤ ደረቅ ሙቀት ይወዳል፣ ቅጠሉን ጀርባውን ጭምር እጠቡና ቀዝቀዝ ወዳለ ቦታ ውሰዱት። ሌላው ትልቅ፣ ጣት የሚያክል አረንጓዴ ትል፣ ፊቱ አካባቢ ሰማያዊና ነጭ አይን የመሰለ ምልክት ያለው ከሆነ የኦሊያንደር የእሳት እራት ልጅ ነው፣ በአንድ ሌሊት ቅርንጫፍ ያራቁታል፣ በጓንት አንስታችሁ ሌላ ቦታ ውሰዱት፣ ቅጠሉ ተመልሶ ይበቅላል፣ እራቷ ደግሞ በጣም ቆንጆ ናት።

በሽታ ላይ ሶስቱን መለየት አለባችሁ። አንደኛው ግንዱና ቅርንጫፉ ላይ ኪንታሮት የመሰለ እብጠት የሚያወጣው ነው፣ የአበባው ዘለላና የዘር ቋቱም ጠቁሮና ተጣሞ ይቀራል፣ ባክቴሪያ ነው፣ በቁስል ነው የሚገባው፣ በመቀስ ቁስል፣ ብርድ በሰነጠቀው ልጥ፣ ቅጠል በረገፈበት ጠባሳ። የሚረጭ መድሀኒት የለውም። በደረቅ ቀን ከእብጠቱ አስራ አምስት ሀያ ሴንቲሜትር ዝቅ ብላችሁ ጤነኛ እንጨት ላይ ቁረጡ፣ ከእያንዳንዱ ቁርጥ በኋላ መቀሱን በሰባ ፐርሰንት አልኮል ጥረጉ፣ ይሄን ያልሰራ ሰው ራሱ ነው በሽታውን ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው የሚያዞረው። ሁለተኛው ፈንገስ ነው፣ እምቡጡና የቀንበጡ ጫፍ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፣ እብጠት ግን የለውም፣ እርጥብ ሰሞን ይብሳል፣ እሱንም እስከ ጤነኛው እንጨት ቆርጦ ማስወገድ፣ ውሀውን ቅጠሉ ላይ ሳይሆን እግሩ ስር ማፍሰስ ነው።

ሶስተኛው ከባዱ ነው፣ ዛይሌላ የሚባል ባክቴሪያ። ይሄ ተክሉ ውሀ የሚስብባቸውን ቱቦዎች ውስጡ ገብቶ ይደፍናል፣ የተክል ውሀ እየመጠጡ በሚኖሩ ነፍሳት ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ኦሊያንደር ገድሏል፣ ጣሊያን ፑሊያ ክልል ውስጥ ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. የወይራ ዛፎች ላይ ተገኝቶ ኦሊያንደር ላይም ታይቷል። ምልክቱ የቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ የተለበለበ መስሎ ቡናማ መሆን ነው፣ ግን ያንን ጨው፣ ጥማትና ማዳበሪያ መብዛትም ያመጡታል፣ ታዲያ እንዴት ይለያል፣ ጥማትና ጨው ተክሉን በሙሉ አንድ ላይ ነው የሚመታው፣ ውሀ ሲሰጥ አዲሱ ቅጠል ጤነኛ ሆኖ ይወጣል፣ ዛይሌላ ግን አንድ ወይ ሁለት ቅርንጫፍ ላይ ይጀምርና ውሀ ብታፈሱም እየተስፋፋ ይሄዳል፣ በጥቂት አመት ውስጥ ተክሉን ይገድላል። መዳኛ የለውም። እንደዛ ካያችሁ ቆርጣችሁ ወደ ሌላ ቦታ አታጓጉዙት፣ ከሱ ቅርንጫፍ ወስዳችሁ ለሰው አትስጡ፣ በአካባቢያችሁ ያለውን የእፅዋት ጤና መስሪያ ቤት አሳውቁ፣ በአውሮፓ ሀገሮች ማሳወቅ ግዴታም ነው፣ በላቦራቶሪ ሳይመረመር በአይን ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ብርድ ላለባቸው ትንሽ ልጨምር። መሬት ላይ ያለ ጠንካራ ዝርያ ለአጭር ጊዜ ከዜሮ በታች እስከ አምስት ዲግሪ ገደማ ይችላል፣ አንዳንዱ ከዛም በላይ፣ ፖት ውስጥ ያለው ግን ሥሩ ስለሚጋለጥ ቶሎ ይጎዳል። ስታስገቡት ሞቃት ሳሎን ሳይሆን ብርሀን ያለው ቀዝቃዛ ቦታ፣ ከሁለት እስከ አስር ዲግሪ ያለ፣ ውሀ በጣም ጥቂት። ስታወጡት በቀጥታ ፀሀይ ላይ አታቁሙት፣ አንድ ሁለት ሳምንት ጥላ ስር ይለማመድ፣ አለዚያ ቅጠሉ ነጭና ቡናማ ሆኖ ይቃጠላል፣ ሰው ያንን አይቶ በሽታ ነው ይላል፣ የፀሀይ ቃጠሎ ነው።

የምትወዱት ኦሊያንደር እያረጀ ወይ እየታመመ ከሆነ ከጤነኛው ቅርንጫፍ ሌላ ማውጣት በጣም ቀላል ነው፣ ከዘር ከሞከራችሁ ግን ቀለሙ የእናቱን ላይመስል ይችላል። በእድገት ወቅት አበባ የሌለው፣ አስራ አምስት ሀያ ሴንቲሜትር የሚሆን ጫፍ ቁረጡ፣ የታችኞቹን ቅጠሎች አንሱ፣ ውሀ ባለው ጠርሙስ ውስጥ ብርሀን ቦታ አስቀምጡት፣ በየሶስት አራት ቀኑ ውሀውን ቀይሩ። ውሀውም መርዝ ነው፣ ስለዚህ የመጠጥ ብርጭቆ አትጠቀሙ፣ ልጅና ድመት የማይደርሱበት መደርደሪያ ላይ ይሁን፣ ላዩ ላይም ኦሊያንደር መርዝ ብላችሁ ፃፉበት። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ከቅጠሉ ጠባሳ አጠገብ መጀመሪያ ነጭ ጉብታ፣ ከዛ ነጭ ሥር ይወጣል፣ ሶስት አራት ሴንቲሜትር ሲደርስ አፈር ውስጥ ትከሉትና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አፈሩ እንዳይደርቅበት ጠብቁት።